የራስ ቅል አድራሻ

ኮዬ ፈጬ ውስጥ ዘመድ ጥየቃ የሚመጣ እንግዳ ሦስት ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ብሎክ፣ ፎቅና የበር ቁጥር። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አለቀለት። ሕንፃው ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይመሽበታል። ሦስቱንም በሚገባ ይዞ ከየት ተነሥቶ መቁጠር እንዳለበት ካላወቀም ያው ነው። የባጃጅ ነጂ የብሎኩን ቁጥር ከመስማቱ በፊት «ከታክሲ ተራው ወደየት በኩል ነው?» ብሎ መጠየቁ ያለ ነገር አይደለም። በዛሬው ጽሑፋችን የምናብራራው ጉዳይ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አድራሻ የምንፈልግለት ግን ቤት ሳይሆን የሰው ራስ ነው።

የሒሳብ መምህራችን ስለ ኮኦርዲኔት ሲያስተምሩ «ይሄ ነገር ለምን ይጠቅማል?» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር አይጠፋም። ነገ እኛው ራሳችን ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆመን የምንሰማው ጥያቄ ስለሆነ መልሱን ከወዲሁ ብንፈልገው ይሻላል ብለን ተነሣን። ያገኘነው መልስ ከአንጎል ምርምር የመጣ ሲሆን፣ መንገዱ እስከ አፋር ምድር ድረስ ወሰደን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሕያው ራስ እንነጋገር። የሰው አንጎል በሚሠራበት ጊዜ እጅግ ደካማ የሆነ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጥራል። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር ይህን ሞገድ ከሰው ራስ ላይ በ1924 መዘገበ፤ ውጤቱንም በ1929 አሳተመ። ዛሬ በሐኪም ቤት ኢ.ኢ.ጂ. የሚባለው ምርመራ ከዚሁ የመጣ ነው። ኤሌክትሮድ የሚባሉ ትንንሽ ብረቶች በራስ ቆዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ እነሱ የያዙትን ሞገድ መሣሪያው ወደ ላይና ወደ ታች እያለ በሚሄድ መስመር ይሥለዋል። ሕመም የለውም፤ ከመሣሪያው ወደ አንጎል የሚገባ ነገርም የለም።

ችግሩ ያለው «የት?» በሚለው ላይ ነው። ራስ እንደ መማሪያ ክፍላችን ማዕዘን የለው፣ እንደ ካሬ ደብተር መስመር የለው። የአንዱ ሞላላ ነው፣ የሌላው ክብ፤ የሕፃኑ ትንሽ፣ የአዋቂው ትልቅ። አንድ ሐኪም ዛሬ ኤሌክትሮድ የለጠፈበትን ቦታ ነገ ሌላው እንዴት አድርጎ ያግኘው? ለዚህ መላ የተበጀው በ1958 ሲሆን፣ ሥርዓቱን ያቀረበው ካናዳ ይሠራ የነበረው ኸርበርት ጃስፐር ነው። «አሥር-ሃያ» ይባላል። በመጀመሪያ በማንም ሰው ራስ ላይ በጣት ተዳሰው የሚገኙ ቦታዎች ይመረጣሉ። እነሱም በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው የአፍንጫ ሥር ስርጉድ፣ ከማጅራት ከፍ ብላ የምትዳሰሰው የአጥንት ጉብታ፣ እንዲሁም ከሁለቱ ጆሮዎች ፊት ለፊት ያሉት ነጥቦች ናቸው። ከዚያ ከአፍንጫ ሥር በአናት ላይ አልፎ እስከ ኋላው ጉብታ ያለው ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካና ከመቶ 10፣ ቀጥሎ 20፣ 20፣ 20፣ 20፣ በመጨረሻም 10 እየተባለ ይከፈላል። ርቀቱ 36 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የመጀመሪያው ነጥብ ከአፍንጫ ሥር በ3.6 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። 30 ቢሆን ደግሞ በ3 ሴንቲ ሜትር ላይ። ብልኃቱ በመቶኛ መከፈሉ ነው፤ የሕፃንና የአዋቂ ራስ ሊነጻጸሩ የቻሉት በዚህ ነው። መቶኛ ስናስተምር ከባንክ ወለድ ሌላ ምሳሌ ለጠፋብን ይኸውና!

በአገራችንም የአንጎል ሞገድ ምርምር ከሆስፒታል ግቢ ወጥቶ ወደ ገጠር ወርዷል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ፣ በመስቃንና ማረቆ ወረዳ፣ ከቤት ቤት እየተዞረ 60,820 ነዋሪዎችን ያዳረሰ የሚጥል በሽታ ጥናት አካሂደው በ1990 አሳትመዋል። ሕመሙ ያለባቸው 316 ሆነው ተገኙ። ይህም ከሺህ ሰው 5.2 መሆኑ ነው። ከጥናቱ ጽሑፎች አንዱ የኢ.ኢ.ጂ. ውጤታቸውን የሚመለከት ነው። በዚሁ ስሌት ሺህ ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት አምስት ያህል ይኖራሉ ማለት ነው፤ እነሱም ነገ የእኛው ተማሪዎች ናቸው። ሰፈሩ «ልክፍት» የሚለውን ነገር አንጎል ውስጥ ቦታ ያለው ሕመም መሆኑን ማሳየት ቀላል ሥራ አይምሰለን።

ሆኖም ሜትሩ ጉድለት አለው። ኤሌክትሮዱ በቆዳው ላይ የት እንዳለ ይነግረናል እንጂ ሞገዱ ከውስጥ ከየት እንደ ተነሣ አይነግረንም። ሞገዱ ከአንጎል ተነሥቶ ቆዳው ላይ እስኪደርስ ድረስ በፈሳሽና በአጥንት ውስጥ እያለፈ ይሰራጫል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጎረቤት ቡና ሲወቅጥ ድምፁ በግድግዳው ሁሉ ተሰራጭቶ ከላይኛው ፎቅ ይሁን ከጎን ቤት ያደናግራል። ምንጩን ለማግኘት በብዙ ቦታ ብዙ ሰው አቁሞ፣ እያንዳንዱ የቆመበትን ቦታ በትክክል አውቆ፣ ለማን ጎላ ብሎ ተሰማው ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። የአድማጮቹ ቦታ ከተሳሳተ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢራቀቅ የሌላ ሰው በር ነው የሚያንኳኳው። ስለዚህ ተመራማሪዎች 64፣ 128፣ አንዳንዴም 256 ኤሌክትሮዶች የተደረደሩበት ቆብ ያለብሳሉ። ለእያንዳንዱም ሦስት ቁጥር ያስፈልገዋል፤ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስቱንም በሜትር እንለካ ቢባል ተመርማሪው ሳይሰለች መርማሪው ቀድሞ ይሸሻል።

ዲጂታይዘር የሚባለው መሣሪያ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሥራው አንድን ነጥብ ነክቶ ሦስት ቁጥር መስጠት ነው። በምርምር ቤቶች ዘንድ በብዛት ከሚታወቁት አንዱ ፖልሄመስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠራው ነው። ሲያዩት እንዲያው ተራ ነገር ነው፤ አንድ ትንሽ ሳጥን፣ በሽቦ የተያያዘ እስክሪብቶ መሳይ ነገርና ኮምፒዩተር። በሳጥኑ ውስጥ ሦስት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ጎን፣ አንዱ ወደ ላይ የዞረ ነው። ኤሌክትሪክ በተራ በተራ ሲለቀቅባቸው እያንዳንዱ በዙሪያው የመግነጢስ መስክ ይፈጥራል። በእስክሪብቶው ውስጥም እንዲሁ ሦስት ትንንሽ ጥቅል ሽቦዎች ስላሉ፣ መስኩ ሲለዋወጥ በነሱ ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይቀሰቀሳል። ይህ ማይክል ፋራዴይ በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ለፈተና የሸመደድነው ማለት ነው። ሦስት ላኪ በሦስት ተቀባይ ዘጠኝ ልክ ይገኛል። ያልታወቁት ደግሞ ስድስት ናቸው፤ ሦስቱ የእስክሪብቶው ቦታ፣ ሦስቱ እስክሪብቶው የዞረበት አቅጣጫ። ዘጠኝ ልክ ይዞ ስድስት ያልታወቀ መፈለግ ለኮምፒዩተር የዓይን ጥቅሻ ሥራ ነው። በተጨማሪም ርቀቱ እጥፍ ሲሆን መስኩ ወደ ስምንተኛ እጅ ስለሚወርድ ትንሿ መራቅና መቅረብ እንኳ ትታወቃለች። ሁኔታው ጥሩ ከሆነ ስሕተቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መርማሪው በእስክሪብቶው ጫፍ በመጀመሪያ የአፍንጫውን ሥርና ሁለቱን የጆሮ ነጥቦች ይነካል። ከጆሮ እስከ ጆሮ መስመር ይታሰባል፤ ከአፍንጫው ሥር ተነሥቶ ያንን መስመር በቀጥታ ማዕዘን የሚያገኝ ሌላ መስመር ይታሰባል፤ የተገናኙበት ቦታ ዜሮ ይባላል። እንግዲህ የታክሲ ተራው ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ ኤሌክትሮዶቹን አንድ በአንድ እየነካ ይሄዳል። ሥራው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ አያስገርምም። ታዲያ ሰውየው በመካከሉ ቢያስነጥሰውስ? ይህንን አስበውበታል። ሁለተኛ ተቀባይ ራሱ ላይ ይታሰራል፤ ራሱ ሲነቃነቅ አብሮ ይነቃነቃል፤ ኮምፒዩተሩም የእስክሪብቶውን ቦታ ሁልጊዜ ከዚህኛው እየቀነሰ ያሰላል። በመጨረሻ እነዚያው ሦስት መነሻ ነጥቦች በሰውየው የኤም.አር.አይ. ሥዕል ላይ ይፈለጉና ሁለቱ ይደራረባሉ። ቆዳ ላይ የተለካው ሞገድ ከአንጎሉ ሥዕል ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ሦስት ነጥቦች በኩል ነው።

የዚህ መሣሪያ ጠላት ብረት ነው። የብረት ወንበርና የብረት አልጋ መስኩን ያጣምሙታል፤ ነጥቡ ካለበት ቦታ ሸሽቶ ይመዘገባል። በመሆኑም ተመርማሪው የሚቀመጠው በእንጨት ወንበር ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ በአጠገባችን ቢከፈት በርጩማው እንኳ አይቸግርም። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ራስን ዙሪያውን በካሜራ አንሥቶ ከፎቶግራፎቹ ሦስቱን ቁጥሮች የሚያሰላ ዘዴ ስለመጣ፣ ብረትን መፍራት እየቀረ ነው።

ካሜራም ሆነ እስክሪብቶ የማይፈታው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ፀጉር ነው። ኤሌክትሮድ ቆዳ መንካት አለበት። የተለመዱት ቆቦች የተሠሩት ለለስላሳ ፀጉር ስለሆነ፣ ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ፀጉር ላይ ሲደረጉ ከቆዳው ይርቃሉ። የነጥቡ አድራሻ በሚሊ ሜትር ቢታወቅም የሚሰማው ነገር የለም ማለት ነው። እንዲህ እየሆነ ጥቁር ሰዎች ከብዙ ጥናት ሲቀሩ ኖረዋል። በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረችው አርኔል ኤቲን ከባልደረቦቿ ጋር በ2020 ያቀረበችው መፍትሔ እናቶቻችንን የሚያስቅ ነው፤ ሹሩባ! ፀጉሩ በአሥር-ሃያው መስመር ልክ ወደ ቆዳው ተጠግቶ ይሠራል፤ በሹሩባዎቹ መካከል ቆዳው ይታያል፤ ኤሌክትሮዱን የያዘው መቆንጠጫ በሹሩባው ሥር ገብቶ ይጣበቃል። እዚህ ሰፈር ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች በየብሎኩ ሥር አሉ። የአንጎል ምርምር እነሱን የሚፈልግበት ዘመን ይመጣል ብሎ የገመተ አልነበረም።

እስካሁን መነሻ ነጥቦቹ ሁሉ በቦታቸው ያሉበትን ራስ ነው ያየነው። የአፍንጫው ሥር የጠፋ፣ ግንባሩ የጠፋ፣ ከራስ ቅሉ ቁራጭ ብቻ የተረፈ እንደሆነስ? ይህ ጥያቄ በአገራችን አፈር ላይ ተነሥቶ ሳይንቲስቶችን ከሠላሳ ዓመት በላይ አከራክሯል።

አንጎል ይበሰብሳል፤ ቅሪተ አካል ሆኖ አይቆይም። ሆኖም በሕይወት ሳለ የራስ ቅሉን ከውስጥ ስለሚጫነው የእጥፋቶቹንና የቦዮቹን ምልክት ይተዋል። ጄሶ በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ፈስሶ ሲደርቅ የሳህኑን ቅርጽ እንደሚይዝ ሁሉ፣ የራስ ቅል ውስጡ ተሞልቶ ሲወጣ የአንጎሉን ቅርጽ በግምት ይሰጣል። ይህ ቅርጽ ኢንዶካስት ይባላል። ድንቅነሽ፣ ፈረንጆቹ ሉሲ የሚሏት፣ በስም ብትገንንም ከራስ ቅሏ የተረፈው ስብርባሪ ስለሆነ በዚህ ረገድ ብዙ አትረዳም። ክርክሩ የተነሣው ስሟን ማንም በማያውቀው በሌላ የሐዳር ቁራጭ ላይ ነው፤ ኤ.ኤል. 162-28። ኤ.ኤል. ማለት «አፋር ሎካሊቲ» ነው፤ ቦታ ቁጥር 162፣ ግኝት ቁጥር 28። ብሎክና በር ቁጥር እንደማለት መሆኑን ልብ ይሏል።

በቺምፓንዚ አንጎል ላይ ከኋላ በኩል ለማየት የሚያገለግለውን ክፍል ከፊተኛው የሚለይ ጨረቃ መሳይ ቦይ አለ። በኛ አንጎል ላይ ይህ ድንበር ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ ምክንያቱም ከፊቱ ያለው፣ የታየውንና የተሰማውን የሚያገናኘው ክፍል ሰፍቷል። እንግዲህ በሦስት ሚሊዮን ዓመት አንጎል ላይ ቦዩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከተገኘ፣ አንጎል በመጠን ሳያድግ በፊት አደረጃጀቱ ተለውጧል ማለት ነው። በቦታው ካለ ደግሞ አልተለወጠም። ጥያቄውን ሬይመንድ ዳርት በ1925 በደቡብ አፍሪካው የታውንግ ሕፃን ላይ አንሥቶት ነበር። ስለዚህ የቦዩ ቦታ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

አሜሪካዊው ራልፍ ሆሎዌይ ኢንዶካስቶችን በዓይን ከመገመት ይልቅ በመሣሪያ መለካት ከጀመሩት አንዱ ነው። በ1981 ስቴሪዮፕሎተር በተባለ መሣሪያ የተሠራ ጥናት አሳተመ። መሣሪያው ከኢንዶካስቱ መካከለኛ ነጥብ እስከ ገጹ ያለውን ርቀት በየአቅጣጫው ይለካል። ሁለት ማዕዘንና አንድ ርቀት፤ ይኸው ደግሞ ሦስት ቁጥር። ለዲጂታይዘሩ ታላቅ ወንድም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1983 ሆሎዌይ የሐዳሩን ቁራጭ መርምሮ አደረጃጀቱ ወደ ሰው ያዘነበለ ነው አለ። በ1985 ዲን ፎክ የተባለች ተመራማሪ የለም፣ የቺምፓንዚን ይመስላል ብላ መለሰች። በ1986 ሆሎዌይ ዊልያም ኪምበልን ጨምሮ መልስ ሰጠ።

ሁለቱም ወገኖች የተመለከቱት ያንኑ ድንጋይ ነው። ታዲያ ምን አጣላቸው? ዋናው ነገር አያያዙ ነበር። ቁራጩ የራስ ቅል የኋላ ክፍል ስለሆነ የአፍንጫ ሥር የለውም፤ ፊቱ ወዴት እንደ ነበረ በግምት ነው የሚቀመጠው። ጥቂት ዲግሪ ወደ ፊት ቢያጋድሉት ቦዩ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ወደ ኋላ ቢያጋድሉት ወደ ኋላ። መሣሪያው በሚሊ ሜትር ቢለካም ዜሮው ከተናጋ ሚሊ ሜትሩ አያድንም።

መፍትሔው የመጣው ከሌላ ራስ ቅል ነው። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመሩት ቡድን በአፋር፣ ዲኪካ በተባለው ሥፍራ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናትን ሕፃን አገኘ። ስሟ ሰላም ተባለ። ፊቷና ራስ ቅሏ በአሸዋ ድንጋይ ተጣብቀው ስለነበር ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፋቁ ማውጣቱ ብቻ ዓመታት ወሰደ፤ ግኝቱ ለዓለም የተነገረው በመስከረም 1999 ዓ.ም. ነው። የሰላም ራስ ቅል ሙሉ ስለሆነ ፊቱ ወዴት ነው የሚል ክርክር አያስነሣም። በኋላ ፈረንሳይ አገር ግረኖብል ከተማ ባለው ሲንክሮትሮን ተነሣ። ይህ መሣሪያ እጅግ ኃይለኛ በሆነ ራጅ ድንጋይና አጥንትን ሳይሰብር ለይቶ ያሳያል። እስክሪብቶው ነጥብ በነጥብ የሚነካውን ይህኛው በሚሊዮን የሚቆጠር ነጥብ አድርጎ፣ ለእያንዳንዱም ሦስት ቁጥሩን ሰጥቶ ያስቀምጣል። ተመራማሪዎቹ የተጣመመውን የራስ ቅል አጥንት አጥንቱን ሳይነኩ በኮምፒዩተር አቃኑት።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. «ሳይንስ አድቫንስስ» በተባለው መጽሔት የወጣው ጥናት፣ ከዲኪካና ከሐዳር የተገኙ ስምንት የራስ ቅሎች የተነሡበት፣ ነገሩን ግልጽ አደረገው። በሰላም ኢንዶካስት ላይ የጨረቃው ቦይ በቺምፓንዚዎች ቦታ ላይ በማያሻማ ሁኔታ ይታያል። ያ አከራካሪ ኤ.ኤል. 162-28ም እንደገና በሲቲ ስካን ሲታይ፣ ቀድሞ ያልተስተዋለ የቦዩ ምልክት በዚያው ቦታ ተገኘበት። የሚያስደስተው ነገር ከጸሐፊዎቹ መካከል በአንድ ወቅት በተቃራኒ ወገን የነበሩት ፎክና ኪምበል ሁለቱም መኖራቸው ነው።

እኛን መምህራንን የሚነካው ግን ሌላው ውጤት ነው። በጥርሷ ላይ ያሉት የዕድገት መስመሮች ሲቆጠሩ ሰላም የሞተችው በ861 ቀኗ፣ ማለት በ2.4 ዓመቷ ነው። አንጎሏ 275 ሚሊ ሊትር ያህል ነበር፤ ከአንድ የለስላሳ ጠርሙስ ጥቂት ያነሰ። የዘሯ አዋቂዎች አንጎል ከቺምፓንዚ 20 በመቶ ያህል ይበልጣል፤ የሰላም ግን በዕድሜ ከሚመጥናት ቺምፓንዚ የተለየ አልነበረም። ስለዚህ ገና ብዙ ማደግ ይቀራት ነበር። አንጎል ቀስ ብሎ ሲያድግ ልጅ ከእናቱ ሥር ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ ለመማርም ጊዜ ያገኛል። አደረጃጀቱ የቺምፓንዚ የሆነ አንጎል ረጅም የልጅነት ጊዜ ጀምሮ ነበር ማለት ነው፤ ትልቁ አንጎል ከመምጣቱ ብዙ ቀድሞ። የሰላም ቅሪት የሚጠበቀው አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ስለሆነ፣ ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ይዞ አራት ኪሎ መድረስ የሚችል ሠልጣኝ ቢያንስ ታሪኩን በሥፍራው ሊያየው ይችላል።

ዲጂታይዘር በእጃችን ባይኖርም ነገሩን በክፍል ውስጥ መሞከር ይቻላል። ዱባ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ጠረጴዛው ከግድግዳ ማዕዘን ይጠጋል። ማዕዘኑ ዜሮ ነው፤ ሁለቱ ግድግዳዎችና ጠረጴዛው ሦስቱ መነሻዎች። በዱባው ላይ በጠመኔ አሥር ነጥብ ይደረግና እያንዳንዱ ከሁለቱ ግድግዳና ከጠረጴዛው ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል። ሠላሳ ቁጥር ይገኛል። ከዚያ አንድ ተማሪ ዱባውን ቀስ አድርጎ ያዞረዋል፤ ሌሎቹ እንደገና ይለካሉ። ከአሥሩ የትኛዎቹን ሦስት ነጥቦች መነሻ ብናደርግ ሁለቱ ልኬቶች እንደገና ይገጥማሉ? ይህን ለመሞከር የሚፈልጉ ሠልጣኞች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ሲያልቅ በሒሳብ ክፍል እንገናኝ፤ ዱባውን እኛ እናመጣለን፣ ማስመሪያ ግን የየራሳችሁን ያዙ።